ስለ አሮጌ መላጊያ ዋጋና ጥራት

አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩን ያምናል፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ከራሱ ዓይንና ከራሱ እጅ በቀር የሚያምነው የለውም። አዲሱ ዕቃ ደረሰኝ አለው፤ ቢበላሽም የሚመለስበት ሱቅ አለው። አሮጌው ከማን እጅ እንደ ወጣ፣ ስንት ዓመት እንደ ሠራ፣ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደ ተነሣ የሚመሰክርለት ሰው ስለሌለ፣ ምስክሩ በገዛ አካሉ ላይ የቀረው ምልክት ብቻ ነው። ይህን ምልክት ማንበብ የሚችል ሰው በጥቂት ገንዘብ ብዙ ዘመን የሚያገለግል መሣሪያ ያገኛል። ማንበብ የማይችል ግን ወይ በስም ይታለላል፣ ወይ በውበት ይደለላል፣ ወይም ደግሞ መልካሙን ነገር እንደ ውዳቂ ቆጥሮ ይጥለዋል። በመንግሥት ሥራ ምክንያት በናይሮቢ ከተማ በተቀመጥንበት ጊዜ ስለዚህ ንባብ የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

መሣሪያው የአናጢ መላጊያ ነው። አማርኛን ከእናታችን አፍ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ሰሌዳ ስለ ተማርን፣ እንደ እኛ በመማር ላይ ላሉት ባለሥልጣኖች የቃሉን አመጣጥ አስቀድመን ብንገልጽ አይከፋም። ላከ፣ ይልካል፣ መላክ፣ መላኪያ እንደሚባል ሁሉ፣ ላገ፣ ይልጋል፣ መላግ፣ መላጊያ ይባላል። የተላገ ሳንቃ ማለት ሻካራነቱ ተነሥቶለት ለእጅ የለሰለሰ ሳንቃ ማለት ነው። ጣሊያኖች መሣሪያውን ፒያላ ይሉታል። በኬንያ የሚነገረው የስዋሂሊ ቋንቋ ደግሞ ራንዳ ይለዋል፤ ይህም ቃል በህንድና በፋርስ ቋንቋዎች ውስጥ የሚገኝ ነው። ቃሉ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣበት መንገድ መሣሪያው ራሱ የመጣበትን መንገድ ጭምር ያመለክታል።

ለዚህ ነገር ምክንያት የሆነን የወንድማችን ልጅ ነው። በትውልድ አገራችን በትግራይ በአናጢነት የሚተዳደር ወጣት ሲሆን፣ ከ2020 እስከ 2022 በፈረንጆች አቆጣጠር በነበረው ጦርነት ጊዜ የሥራ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ጠፋበት። ሰላም ከወረደ በኋላ ከጎረቤት በተዋሰው መጋዝና መዶሻ ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ መላጊያ ግን የሚያውሰው አላገኘም። እኛም ምን እንላክልህ ብለን በጠየቅነው ጊዜ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ሓወቦይ፣ የኤሌክትሪኩን መላጊያ አልጠይቅዎትም። መብራት ሲጠፋ እሱም ከእኔ ጋር ቁጭ ይላል። የእጁን ይላኩልኝ፤ ክንዴ አይጠፋም።» ሓወቦይ በትግርኛ የአባት ወንድም የሚጠራበት ስም ነው። ልጁ የፈለገው ርዝመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን፣ ነጋዴዎች በቁጥር 5 የሚያውቁትን መካከለኛ መላጊያ ነበር። ሻካራውን እንጨት ለማንሣትም፣ ጠርዝ ለማቅናትም፣ ሲቸግር ለማጠናቀቂያም ስለሚያገለግል፣ አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው።

በበኩላችን በሕፃንነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን የእጅ ሥራ ትምህርት እንማር ስለ ነበረ፣ መላጊያ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። መምህራችን ምላጩን ሳይስል ሥራ የጀመረውን ተማሪ መላጊያውን አስቀምጦ ወደ መሳያ ድንጋዩ እንዲሄድ ያዝዙት ነበር። ከድንጋዩ አጠገብ ቆመን ያሳለፍነው ጊዜ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በመሣሪያ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የመሣሪያን ዋጋ መገመት ደግሞ ሌላ ዕውቀት ነው። ይህን ሁለተኛውን የተማርነው በናይሮቢ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ መሣሪያው ታሪክ ጥቂት እንበል። መላጊያ እጅግ የቆየ መሣሪያ ነው። በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ ዐመድ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ ሮማውያን ይሠሩባቸው የነበሩ መላጊያዎች ተገኝተዋል። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት አካሉ በአብዛኛው ከእንጨት ይሠራ ነበር፤ ምላጩም በሽብልቅ ተወጥሮ፣ በመዶሻ እየተመታ ይስተካከል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሊዮናርድ ቤይሊ የተባለ አሜሪካዊ፣ ምላጩ በትንሽ የናስ ዳዶ አማካይነት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበትን የብረት መላጊያ ፈለሰፈ። የስታንሊ ኩባንያ በ1869 የዚህን ሰው የፈጠራ መብት ገዝቶ፣ ኒው ብሪትን በተባለችው የአሜሪካ ከተማ በብዛት ይሠራው ጀመር። በ1930ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሬኮርድ የሚል ስም የያዙ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ተመሳሳይ መላጊያዎች መሠራት ጀመሩ። ስታንሊ አምስት ብሎ የሚጠራውን ሬኮርድ ዜሮ አምስት ይለዋል እንጂ፣ አሠራራቸው ወንድማማች ነው።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። ከተማይቱ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ከሞምባሳ በ1896 የተጀመረው ሐዲድ በ1899 ዛሬ ከተማው ካለበት ረግረግ ሜዳ ደረሰ፤ በ1901 ደግሞ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዘለቀ። ለዚህ ሥራ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከህንድ አገር የመጡ ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል አናጢዎች፣ አንጥረኞችና ግንበኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጥቂቶቹ ቀርተው ሱቅና ሥራ ቤት ከፈቱ። ኬንያም እስከ 1963 በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች፣ የሼፊልድ መሣሪያ በብዛት ይገባ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ተራ የሚገኘው መላጊያ በሦስትና በአራት ሰው እጅ ያለፈ መሆኑን መገመት አያስቸግርም።

የዚህ ዓይነት ዕቃ የሚፈለገው በናይሮቢ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው በጊኮምባ ገበያ ነው። ገበያው ይበልጡን የታወቀው በአሮጌ ልብስ ነው፤ ነገር ግን ጣውላ ሻጮች፣ አልጋና ቁም ሣጥን ሠሪዎች፣ ብረት በኪሎ የሚገዙ ሰዎችም አሉበት። የእጅ ሠራተኞቹን ሕዝቡ ጁዋ ካሊ ይላቸዋል፤ ትርጉሙ ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው፤ ከጣራ በታች ሳይሆን ከፀሐይ በታች ስለሚሠሩ የወጣላቸው ስም ነው። እኛም ከደሞዛችን 5 ሺህ ሺልንግ ለይተን ወደዚያ ሄድን። ገንዘቡ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ እንደ መሆኑ፣ የምንገዛው ዕቃ ቢበላሽ ልጁ የሚጠብቀው ሌላ ወር ሳይሆን ሌላ ዓመት ነበር።

በመጀመሪያ የቀረበልን የሚያብረቀርቅ የአሜሪካ ስታንሊ ነው። ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ተወልውሏል፤ ውስጡ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ እጀታው ሮዝዉድ ከሚባለው ከከበረው የብራዚል እንጨት የተሠራ ነው። ከምላጩ መቀመጫ ኋላ በብረቱ ላይ የ1902ና የ1910 የፈጠራ መብት ቀኖች ይነበባሉ፤ እንግዲህ ከ1910 በኋላ የተሠራ መሆኑ ነው። ነጋዴው 4 ሺህ 500 ሺልንግ አለን፤ ስሙንም ደጋግሞ ጠራልን። ሁለተኛው በአጠገቡ በብረት ክምር ውስጥ የተጣለ፣ ዝገት ያለበሰው፣ የእጀታው ብሎን የጎደለ መላጊያ ነበር። በጎኑ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ቀለም ባይታይ ኖሮ ሬኮርድ መሆኑም ባልታወቀ። ይህኛው ለማቅለጫ በኪሎ ሊሸጥ የተዘጋጀ ነው።

ከዚያው ሥፍራ ወንበር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። በስዋሂሊ አናጢንና ማናቸውንም ባለሙያ ፉንዲ ይሉታል፤ ሽማግሌን ደግሞ በአክብሮት ሙዜ ብለው ይጠሩታል። «ሙዜ፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም መልስ ሳይሰጡ ሁለቱንም አንሥተው ፈቱአቸው። «የተዘጋ መላጊያ አይገዛም» አሉን። ከዚያም አንድ በአንድ ያሳዩን ምርመራ የሚከተለው ነው።

አንደኛው ምርመራ የስንጥቅ ምርመራ ነው። የመላጊያ አካል ሥራ ቤቶች ጊዛ ከሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የሚሠራ ስለሆነ፣ ጠንካራ ቢሆንም ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ምላጩ ከሚወጣበት አፍ ማዕዘን ነው። ባዶውን አካል በሁለት ጣት አንጠልጥለው በእንጨት በትር መታ ሲያደርጉት፣ ደኅናው እንደ ደወል ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የሚያብረቀርቀው ስታንሊ ሲመታ ድምፁ ታፈነ። ሙዜ በጥፍራቸው አዲሱን ቀለም ፈቀቅ ቢያደርጉት፣ ከአፉ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጎኑ የወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ። የዛገው ሬኮርድ ግን በዝገቱ ውስጥ ሆኖ ጥርት ብሎ ጮኸ።

ሁለተኛው የታችኛው ገጽ ቅንነት ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በገጹ ላይ አጋድሞ ወደ ብርሃን ማየት ይገባል። በመካከሉ ጥቂት ብርሃን ቢያሳልፍ ተፈግፍጎ ይስተካከላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጣመመ ከሆነ ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል። በተለይ ከአፉ ፊት ለፊት ያለው ሥፍራ ከእንጨቱ ጋር ካልተገናኘ፣ ምላጩ እንጨቱን ከመላግ ይልቅ ይቦጭቀዋል።

ሦስተኛው ምላጩ ነው። ከስለቱ እስከ ቀዳዳው የቀረው ርዝመት ስንት ዓመት ገና እንደሚሠራ ይናገራል፤ ብዙ የተሳለ ምላጭ እንዳለቀ ሻማ ነው። ዝገቱም ሁለት ዓይነት ነው። በላይ የተቀባ መስሎ የሚታየው ዝገት በኮምጣጤ ተነክሮና ተፈግፍጎ ይለቃል። ከስለቱ በስተ ኋላ ባለው ገጽ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የቆፈረው ግን ምላጩን ያጠፋዋል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በስለቱ ላይ አንድ ጥርስ ይሆናልና። በላዩ ላይ ያለው ማኅተምም የምላጩን ዘመን እንጂ የአካሉን ዘመን አይመሰክርም። በ1920ዎቹ የነበረው የስታንሊ ኩባንያ የልብ ሥዕል ያለበት ማኅተም በገበያ የተወደደ ስለሆነ፣ የሌላ መላጊያ ምላጭ ገብቶበት የሚሸጥ አለ።

አራተኛው ተንቀሳቃሾቹ ክፍሎች ናቸው። እንግሊዞች እንቁራሪት የሚሉት የምላጩ መቀመጫ ሳይነቃነቅ መግጠም አለበት። የናሱ ዳዶ ሲዞር ምላጩን ወዲያው ማንቀሳቀስ ይገባዋል፤ ብዙ ዙር በከንቱ የሚዞር ከሆነ ተበልቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናስ ስለ ተወደደ፣ በአሜሪካ ይህ ዳዶ ከጠንካራ ጎማ የተሠራበት ጊዜ ነበር፤ እንዲህ ያለው ለታሪክ ወዳጅ ይጥማል እንጂ ስለ ሥራው ናሱ ይመረጣል። ብሎን የጎደለ እንደ ሆነም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የጥንቶቹ መላጊያዎች የብሎን ክር ከተራው ክር ጋር ስለማይገጥም ከማናቸውም ሱቅ አይገኝም። ደግነቱ ሙዜ ከሞቱ መላጊያዎች የሰበሰቡት ብሎን በአንድ ቆርቆሮ ሙሉ ነበራቸው።

በዚህ ምርመራ ስታንሊው ወደቀ፤ ሬኮርዱ አለፈ። እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ስም ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የሁለቱም ኩባንያዎች የቀድሞ ሥራ ከ1960ዎቹ በኋላ ከተሠራው ብዙውን ጊዜ እንደሚበልጥ አዋቂዎች ይናገራሉ፤ እጀታው ወደ ፕላስቲክ፣ ወፍራሙ ክፍል ወደ ስስ ቆርቆሮ የተለወጠው በኋለኛው ዘመን ነው። ስም የት መፈለግ እንደሚገባ ይነግረናል፤ የተገኘው ዕቃ ደኅና ይሁን አይሁን ግን አይነግረንም።

እንዲሁም ዋጋ የሚባለው ነገር አንድ አይደለም። የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ስለ ብርቅነቱ ነው። የስታንሊ ቁጥር 1 ርዝመቱ ከ14 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ለአዋቂ እጅ እንኳ የማይመች ትንሽ መላጊያ ሲሆን፣ ብርቅ በመሆኑ ብቻ ከ1 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ይሸጣል። ሰብሳቢው የፊተኛውን ቀለም ስለሚፈልግ በሽቦ ብሩሽ የተወለወለውን ይንቃል። ለአናጢ ደግሞ ቀለሙ ምንም አይደለም፤ ቁጥር 4ና ቁጥር 5 በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሰብሳቢ አይሻማባቸውም፤ እንጀራ የሚያበሉት ግን እነርሱ ናቸው። ብረት በኪሎ የሚገዛው ሦስተኛው ሰው ደግሞ ሁሉንም በሚዛን ይመለከታል።

የዛገውን መላጊያ ዋጋ ስንጠይቅ ነጋዴው መዝኖ 300 ሺልንግ አለን። እውነቱን ለመናገር ልባችን ደስ አለው፤ ከፍለን ለመሄድም እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። ሙዜ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «በኪሎ ከገዛኸው ነገም በኪሎ ይሸጣል፤ የሚቀጥለው መላጊያ አንተን ሳይሆን እቶኑን ያገኛል» አሉን። ነገሩን አመዛዘንነው። በአንድ በኩል ገንዘቡ የልጁ ነው፤ ያተረፍንለት ሁሉ መሮና መጋዝ ይሆንለታል። በሌላ በኩል ደግሞ ነጋዴው እኛን አላታለለንም፤ የማያውቀውን ዋጋ ነው የነገረን፤ እኛ ግን እያወቅን ዝም ማለታችን ነው። በመጨረሻ 1 ሺህ 500 ሺልንግ ሰጠነው፤ ሙዜም ድምፁን እንዴት እንደሚያዳምጥና አፉን እንዴት እንደሚመረምር በዚያው አሳዩት። ልጁ ብዙ ሰዓት ከክምሩ ውስጥ ሲያገላብጥ ቆየ። በሌላ ሳምንት ተመልሰን ስናልፍ ሁለት መላጊያዎችና አንድ የጠርዝ መሮ ከብረቱ ክምር ተለይተው በጨርቅ ላይ ተቀምጠው አየን።

መላጊያውን ለማደስ ሦስት ምሽት ፈጀብን። ዝገቱን በኮምጣጤ አለቀቅነው፤ በወፍራም መስተዋት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተን የታችኛውን ገጽ ፈገፈግነው፤ ምላጩን እንደ ተማርነው በድንጋይ ሳልነው። ከዚያ ወደ ሙዜ ወስደን በአንድ አሮጌ ጣውላ ላይ ሞከርነው። ጣውላው በኬንያ ፖዶ የሚባለው፣ በአገራችን ዝግባ የምንለው ዛፍ ነበር። ኬንያውያን ሴዳር የሚሉትም የእኛው ጽድ፣ በትግርኛ ጽሕዲ ነው፤ የሁለቱ አገሮች ደጋ አንድ ዓይነት ዛፍ ያበቅላል። ፍቅፋቂው ሳይቆረጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ወጣ። ሙዜ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩትና መላጊያውን መለሱልን።

በአውሮፕላን የሚጓዝ አንድ የአገራችን ሰው ከሻንጣው ውስጥ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ ወሰደልን፤ ከዚያም ለልጁ ደረሰው። በተረፈው ገንዘብ ሁለት መሮዎች ጨመርንለት። ከወር በኋላ የደረሰን መልእክት አጭር ነበር፦ «ሓወቦይ፣ ለትምህርት ቤት ዴስኮች ልሠራ ተዋውያለሁ። ረዳትም ቀጥሬአለሁ፤ መጀመሪያ ያስተማርሁት መሳል ነው።»

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን፣ በተለይም የንብረት ኀላፊነት ላለባቸው ባለሥልጣኖች የምናሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ያገለገለ ዕቃ ሲወገድ፣ ብረቱ በአንድነት ተመዝኖ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። መዝገቡ «አሮጌ ብረታ ብረት» ብሎ ከጻፈው ውስጥ ለአንድ ወጣት የዕለት እንጀራ የሚሆን መሣሪያ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ንብረት የሚገምት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ከሒሳብ ሹሙ ጎን አንድ አናጢ ወይም አንድ አንጥረኛ ቢቀመጥ ወጪው የግማሽ ቀን አበል ነው። እርሱም ሚዛኑ ከመነሣቱ በፊት ዕቃውን ፈትቶ ይየው፤ አንጠልጥሎም መታ ያድርገው።